ደሴ ላይ ደህና፣ ሐረጎ ላይ ዝም፦ አሮጌ ዲቲ 125ን ቤት ውስጥ ማደስ

ከሙጋድ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ሰኞ ገበያ ያለ ችግር ስትመላለስ የከረመች አሮጌ ያማሃ ዲቲ 125 አንድ ቀን ወደ ኮምቦልቻ ትወርዳለች። ሐረጎ የተባለው ቁልቁለት ላይ የኋላ ጎማዋ ድንገት ይታሰርና ቀጥ ትላለች። ጋራዥ ትገባለች፤ ሲሊንደሯ ሬቲፊካ ይሠራል (ውስጡ ተቦርቡሮ ይስተካከላል)፤ አዲስ ፒስቶን ይገባል። ከሁለት ወር በኋላ እዚያው ቁልቁለት ላይ ያው ነገር ይደገማል። ከዚያ ወቀሳው ፒስቶኑ ላይ ነው፦ «ኦሪጅናል አይደለም»። አንዳንዴ እውነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሞተሩ በማይገባው በኩል አየር እየሳበ ነው፤ ይህን ጉድ ደግሞ የደሴ ከፍታ ሸፍኖለት ኖሯል።

እዚህ የምናወራው አየር ስለሚያቀዘቅዘው ባለ ሁለት ስትሮክ ዲቲ 125 ነው፤ የሲሊንደሩ የውስጥ ስፋት 56 ሚሊሜትር፣ የፒስቶኑ ጉዞ 50 ሚሊሜትር፣ ድምሩ 123 ሲሲ። ያማሃ ኤጂ 100 ያለው ሰውም ከመጠኖቹ በቀር ሁሉንም እንዳለ መውሰድ ይችላል።

ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናቸው። ደሴ ላይ አየሩ የሚመዝነው ባሕር ጠለል ላይ ከሚመዝነው ሦስት አራተኛውን ከፍ ብሎ ነው። አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው ካርቡራተር ይህን አያውቅም። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ስለዚህ ድብልቁ ደሴ ላይ 12 ወይም 13 በመቶ ያህል ቤንዚን ይበዛበታል፣ ኮምቦልቻ ላይ 9 በመቶ ያህል። አሁን የክራንክ ሻፍቱ ኦይል ሲል (የሞተሩን ዘንግ ዙሪያ የሚያሽገው ጎማ) ደርቆ አየር ያስገባል እንበል። ደሴ ላይ ያ ትርፍ አየር የበዛውን ቤንዚን ያቻችለዋል፤ እንዲያውም «ጭሷ ቀነሰ፣ ጎበዝ ሆነች» ይባላል። ወደ ታች ሲወረድ አየሩ ይከብዳል፣ መቻቻያው ያልቃል፣ ድብልቁ ይሳሳል። የሳሳ ድብልቅ ይሞቃል። ሁለት ስትሮክ ላይ ዘይቱ የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር ስለሆነ ቅባቱም አብሮ ያንሳል። ፒስቶኑ ያብጥና ሲሊንደሩን ይነክሳል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ። ፒስቶን ከመግዛት በፊት አየር ፍለጋ።

ከዚያም በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ ስለ ኮምፕሬሽን መለኪያ። መጽሐፉ ወይም ኢንተርኔቱ 120 ፒኤስአይ ይላል፤ ደሴ ላይ ሲለካ 90 ይመጣል፤ «ሪንጉ አልቋል» ተብሎ ሞተሩ ይፈታል። ባሕር ጠለል ላይ 120 የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር ደሴ ላይ 88 እስከ 90፣ ኮምቦልቻ ላይ 96 አካባቢ ማሳየቱ ያለ ነው፤ የሚጨመቀው አየር ራሱ ከመነሻው ቀላል ስለሆነ። ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻ ከፍታችሁ፣ ፔዳሉን አምስት ስድስት ጊዜ ረግጣችሁ 85 ከመጣ ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) አትንኩት። 70 ከሆነ እንነጋገር።

አየር የሚያስገባ ሞተር ሳይፈታ ምልክት ይሰጣል። ነዳጅ መስጫውን ስትለቁት ወዲያው አይወርድም፤ ሲጮህ ቆይቶ ነው የሚረጋው። አንዱን ቀን ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይሰጥ የሚዞርበት ፍጥነት) ከፍ፣ አንዱን ቀን ዝቅ ይላል፤ ጠዋት ያስተካከላችሁት ከሰዓት ይበላሻል። የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይት ወደ ውጭ ሳይንጠባጠብ እየጎደለ፣ ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫ ቱቦው) የተቃጠለ ዘይት የሚሸት ነጭ ጭስ ከወጣ ደግሞ ጥፋቱ በፍሪሲዮን (በክላች) በኩል ያለው ሲል ነው። በቮላኖ (ከዘንጉ ጋር በሚዞረው ባለ ማግኔት ከባድ ዲስክ) በኩል ያለው ሲል ንጹሕ አየር ስለሚስብ ጭስ የለውም፤ ገዳዩ እሱ ነው።

ማረጋገጫው የግፊት ሙከራ ነው፤ ዕቃው ደግሞ ፋርማሲ ይገኛል። በእጅ የሚነፋው፣ ባለ ቀስቱ የደም ግፊት መለኪያ እስከ 300 ያነባል። 300 ማለት 0.4 ባር ገደማ ነው፤ ለዚህ ሥራ የሚፈለገውም ያንኑ ያህል ነው። በጎማ መንፊያ ወይም በኮምፕሬሰር የሚሞክር ሰው ግን ደህናውን ሲል ከቦታው አስፈንጥሮ ያወጣዋል። ማርሚታውን ፈትታችሁ የጭስ መውጫውን ከአሮጌ ካላማዳሪ በተቆረጠ ጎማ ሸፍኑት፤ በላዩ ጠፍጣፋ ብረት አድርጋችሁ በራሱ ብሎን እሰሩት። ካርቡራተሩን አውጥታችሁ በመሳቢያው ጎማ ውስጥ ልክ የሆነ ክብ እንጨት አስገቡና በክላምፕ አጥብቁት፤ እንጨቱ መሃል ተበስቶ የመለኪያው ቱቦ ይገባበታል፣ ዙሪያው በሲሊኮን ይታሸጋል። ከዘይት ፓምፑ የምትመጣዋን ቀጭን ቱቦም ድፈኑ። ካንዴላው እንዳለ ይቆይ። ፒስቶኑን እስከ ታች አውርዱት፤ ያኔ ላይኛውና ታችኛው ክፍል ይገናኛሉ። እስከ 280 ንፉና ሰዓት ያዙ።

በደቂቃ ከ10 እስከ 15 ብቻ ቢወርድ ሞተሩ ደህና ነው። በደቂቃ 50 የመጨረሻው ወሰን ነው። ከዚያ በላይ ከወረደ ላርጎ በውኃ በጥብጡና በቀለም ብሩሽ ቀቡ፦ የሲሊንደሩ ግርጌ፣ የቴስታታው ዙሪያ፣ የመሳቢያው ጎማ፣ ካንዴላው ሥር፣ ከዚያ ቮላኖውን አውጥታችሁ ሲሉ ላይ። አረፋው ራሱ ይነግራችኋል። የትም አረፋ ሳይኖር ከወረደ የካምቢዮውን ዘይት መሙያ ክዳን ክፈቱና በቀዳዳው ላይ የላርጎ ስስ ሽፋን ዘርጉበት፤ ካበጠ ግፊቱ በፍሪሲዮን በኩል ባለው ሲል እያመለጠ ነው። የመጀመሪያዎቹ አረፋዎች ብዙ ጊዜ ከራሳችሁ እንጨትና ጎማ ናቸው፤ አትደንግጡ፣ አጥብቃችሁ ድገሙት።

ቮላኖው የሚወጣው በመሳቢያ ነው፤ በመዶሻ አይደለም። በመዶሻ የተመታ ቮላኖ ማግኔቱ ይላቀቃል፣ የክራንክ ሻፍቱም ጫፍ ይጣመማል። መሳቢያ ካልተገኘ የቮላኖውን ጥርስ ለክቶ ቶርኖ ቤት ማስቀረጽ ይቻላል። ሲሉን ለማውጣት ብረቱ ላይ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ በጥንቃቄ በስታችሁ ብሎን አስገቡና በፒንሳ ሳቡ፤ መሰርሰሪያው ጠልቆ ኩሽኔታውን እንዳይነካ ጫፉ ላይ ቴፕ ጠቅልሉበት። የአሮጌው ሲል ፊት ላይ ሦስት ቁጥሮች አሉ፦ የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋት፣ ውፍረት። በእነዚህ ቁጥሮች ማንኛውም የኩሽኔታ ሱቅ ይሰጣችኋል፤ «የዲቲ ሲል» ብሎ መፈለግ ግድ አይደለም። ቡናማ ቪቶን ከተገኘ ከጥቁሩ ጎማ ይሻላል፤ ሙቀትና ቤንዚን ይችላል። ሲገባ ስፕሪንጉ ያለበት ፊት ወደ ሞተሩ ውስጥ ይዙር፤ ከንፈሩ ግራሶ ይቀባ፤ እኩል ስፋት ባለው ቧንቧ በቀስታ ይገፋ። በፍሪሲዮን በኩል ያለው በአንዳንድ ሞዴል በሁለቱ የሞተር ግማሾች መካከል የተቆለፈ ጠርዝ አለው፤ እንዲህ ያለውን በጉልበት ከመሳብ ሞተሩን ከፍሎ መቀየር ይሻላል።

የመሳቢያውን ጎማ በእጃችሁ አጥፉት። ሲታጠፍ መሰንጠቅ የሚታይበት ከሆነ ጣሉት፤ ሲሊኮን ቀብቶ ማቆየት ለሳምንት ነው፣ ቤንዚን ይበላዋል።

ስለ ብሎኖቹ አንድ ነገር፦ የጃፓን ባለ መስቀል ብሎኖች ጥርስ ከተለመደው ካቻቢቴ ይለያል። ተራው ካቻቢቴ ጫፉ ስለሚሾል እስከ ታች አይገባም፤ ተንሸራቶ ራሱን ይልጠዋል። ጫፉን በሞላ (በመሞረጃ ማሽን) አንድ ሚሊሜትር እንኳ ቁረጡለት፤ ከዚያ መዶሻ አሳርፋችሁበት አዙሩ። አንዴ ከወጡ በኋላ በአለን ብሎን ተኳቸው። መልክ ያበላሻል የሚል ሰው በሚቀጥለው ጊዜ እሱ ይፍታው።

ፒስቶኑ ከወጣ አትጣሉት፤ አንብቡት። ጭረቱ በጭስ መውጫው በኩል ብቻ ከሆነ ሙቀትና የዘይት እጥረት ነው። አራት ቦታ፣ እንደ ጠረጴዛ እግር ተከፋፍሎ ከሆነ ሞተሩ ሳይሞቅ ተጨንቋል ወይም ልኩ ጠቧል። በመሳቢያው በኩል አመዳም ጭረት ከሆነ አቧራ ነው፤ ፊልትሮው ተቀዷል ወይም «እንድትተነፍስ» ተብሎ ወጥቷል። ፊልትሮ ማውጣት ድብልቁንም ስለሚያሳሳ ሁለት ጥፋት በአንድ ጊዜ ነው።

ሲሊንደሩ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ይለካ፤ ልዩነቱ ከ0.05 ሚሊሜትር ካለፈ ሬቲፊካ ያስፈልገዋል። ተከታዮቹ የፒስቶን ልኮች 56.25፣ 56.50፣ 56.75 እና 57.00 ናቸው። ሁልጊዜ ፒስቶኑ አስቀድሞ ይገዛ፤ ሲሊንደሩ የሚቦረቦረው በተገዛው ፒስቶን ልክ ነው፣ በቁጥሩ አይደለም። ክፍተቱን ከፒስቶኑ ጋር የመጣው ወረቀት ካልነገራችሁ 0.045 ሚሊሜትር አካባቢ አድርጉት፤ «ጠበቅ አድርግልኝ፣ እንዲበረክት» የሚል ትእዛዝ ለሁለት ስትሮክ የሞት ፍርድ ነው። ሪንጉን ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ አስገብታችሁ የጫፎቹን ክፍተት በፊለር ጌጅ ለኩ፤ ከ0.2 እስከ 0.4 ጥሩ ነው።

ከቶርኖ ቤት ሲመጣ የሚረሳ ነገር አለ። ቦረቦራው የቀዳዳዎቹን ጠርዝ እንደ ምላጭ ይተወዋል፤ ሪንጉ እዚያ ይያዝና ይሰበራል። ጠርዞቹን በሙሉ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ግማሽ ሚሊሜትር ያህል አድክሙ። ከዚያ ሲሊንደሩን በሙቅ ውኃና በሳሙና እጠቡ፤ ነጭ ጨርቅ ስታሹበት ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ። በቤንዚን ማጠብ አይበቃም፤ ሲሊንደሩ የተሞረደበትን ድንጋይ ዱቄት ቤንዚን አያነሳውም። ወዲያው ዘይት ቀቡት፤ በደሴ ጭጋግ ሳይቀባ ያደረ ሲሊንደር ዝገት ይዞ ይነጋል። ፒስቶኑ ላይ ያለው ቀስት ወደ ጭስ መውጫ ይዙር፣ የሪንጎቹ ጫፍ በትንንሾቹ ሚስማሮች ላይ ይረፍ፣ የፒኑ መያዣ ቀለበቶች ደግሞ ሁልጊዜ አዲስ ይሁኑ። የቴስታታው ዳዶዎች በመስቀል ቅርጽ፣ በሁለት ሦስት ዙር ይጠበቁ።

ዘይት። ያማሃ የዘይት ፓምፑን ሥርዓት፣ አውቶሉብን፣ ያመጣው በ1964 ነው፤ ነገሩ ጥሩ ነው፣ ገመዱ ካልላላና አየር ካልገባበት። ብዙ ሰው ፓምፑን አላምን ብሎ ዘግቶ ሰልባትዮው (የነዳጅ ታንኩ) ውስጥ ይቀላቅላል፤ ያም ይሠራል፣ ግን በግምት «አንድ ክዳን» እያሉ ሳይሆን በሲሪንጅ ለክቶ ነው። በ1 ሊትር 30 ሚሊ ሊትር፣ ያውም ጃሶ (የጃፓን የዘይት ደረጃ) ኤፍሲ ወይም ኤፍዲ የተጻፈበት የሁለት ስትሮክ ዘይት። የመኪና ሞተር ዘይት ካንዴላውን አመድ ያለብሰዋል፣ ማርሚታውን ይደፍናል። ፓምፑን ለምትጠቀሙ፦ ከተፈታ በኋላ የአየር ማውጫውን ብሎን ከፍታችሁ አረፋ የሌለው ዘይት እስኪፈስ ጠብቁ፤ የመጀመሪያውን ሰልባትዮ ደግሞ በሊትር 25 ሚሊ ሊትር ቀላቅላችሁ ሙሉ። ትንሽ ታጨሳለች፤ ታጭስ። ነዳጅ መስጫው ላይ ያለው ገመድ በተስተካከለ ቁጥር የፓምፑም ገመድ አብሮ ይታይ፤ በፓምፑ ላይ ያለው ምልክትና ሚስማሩ ካልተገጣጠሙ ዘይቱ ያንሳል።

አሁን ጄት፣ ማለትም ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍባት ባለ ቀዳዳ ብሎን፤ ክርክር የሚበዛበት እዚህ ነው። የፋብሪካው ዋና ጄት 130 ቢሆን፣ ሒሳቡ ለደሴ 115፣ ለኮምቦልቻ 120 ይሰጣል። ይህ ቁጥራቸው የፍሰት መጠን ለሆነ ጄቶች ነው፤ ቁጥሩ የቀዳዳው ስፋት ከሆነ ቅነሳው በግማሽ ያንሳል። 115 አስገብቶ ደሴ ላይ የሚነዳ ሰው ልዩነቱን በደንብ ያየዋል፦ ጭሱ ይቀንሳል፣ ወደ ጦሳ የሚወጣው ዳገት ይቀላል፣ ካንዴላ አይጠቁርም። የእኔ ምክር ግን 120 ነው። ከደሴ ከቶ የማይወጣ ሞተር ሳይክል የለም፤ ኮምቦልቻ ዕቃ የሚገዛበት፣ ሰኞ ባቲ ገበያ የሚኬድበት አገር ነው። ደሴ ላይ ትንሽ ብትከብድ ማንም አይሞትም። ከባቲ አልፎ ወደ ሚሌ ለሚዘልቅ 120ም ቢሆን አይበቃም፤ የፋብሪካው ጄት ወደ ቦታው ይመለስ። የዚያ አገር ሙቀት አየሩን ትንሽ ያቀለዋል፤ ሲሊንደሩን ለማቀዝቀዝ ግን ያንኑ ያህል ይሰንፋል። ጄት በሽቦ ወይም በመርፌ ማስፋት አይገባም፤ ቀዳዳው ሞላላ ይሆንና ቁጥሩ ትርጉም ያጣል።

ካንዴላው ቢ8ኢኤስ ነው። ከተማ ውስጥ ብቻ ስትሠራ ቶሎ የሚጠቁር ከሆነ ቢ7ኢኤስ ይሻላል፤ በኤንጂኬ ቁጥሩ ሲያንስ ካንዴላው ይሞቃል። ከሐረጎ በፊት ግን 8ቱን መልሱ። ክፍተቱ በፑንቲና (በሚከፈትና በሚዘጋ የብልጭታ መገናኛ) ለሚሠራው 0.5 እስከ 0.6፣ ለሲዲአይ (ለኤሌክትሮኒኩ) 0.7 እስከ 0.8 ሚሊሜትር።

የሐረጎ አወራረድ ራሱ የጥገና አካል ነው። ማርሽ አስገብቶ፣ ነዳጅ ዘግቶ፣ ሞተሩ እየጮኸ መውረድ አራት ስትሮክ የለመደ ሰው ልማድ ነው። በሁለት ስትሮክ ላይ ሞተሩ በፍጥነት እየዞረ ቤንዚን የለም፤ ቤንዚን ከሌለ የተቀላቀለው ዘይትም የለም። ፓምፕ ያላት እንኳ መስጫው ሲዘጋ የምታገኘው ትንሹን መጠን ነው። በየአምስት ስድስት ሰከንዱ ፍሪሲዮን ያዝ አድርጋችሁ ነዳጅ ስጧት፤ ለአንድ አፍታ ይበቃል። ማርሽ አውጥቶ በፍሬን ብቻ መውረድ ደግሞ ሌላው ጽንፍ ነው፤ የከበሮ ፍሬን ሲግል አይዝም። የፍሬን ሸራው ከ2 ሚሊሜትር ካነሰ ይቀየር፤ የሚያብረቀርቅ ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቅ።

አዲስ ፒስቶን የገባላት በመጀመሪያው 500 ኪሎ ሜትር ሐረጎን አትይ። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ሦስት ጊዜ አሙቃችሁ ሙሉ በሙሉ አቀዝቅዟት፤ ከዚያ የሐይቅ መንገድ ይመቻታል። መስጫውን ከግማሽ በላይ አትክፈቱ፤ በአንድ ፍጥነትም ረጅም አትሂዱ።

ሰልባትዮው ከዛገ በባትሪ አሲድ አትጠቡት፤ ብየዳውን ይበላዋል። በኮምጣጤ ሞልታችሁ ሦስት አራት ቀን ተዉት፤ መጀመሪያ አንድ እፍኝ አሮጌ ዳዶ ጨምራችሁ አንገጫግጩት፣ ስትጨርሱ ዳዶዎቹን ቁጠሯቸው። ከዚያ በአንድ ሊትር ውኃ ሁለት ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ አለቅልቁት፤ ወዲያው በፀጉር ማድረቂያ አድርቁ፣ 100 ሚሊ ሊትር የሁለት ስትሮክ ዘይት አፍስሳችሁ ግድግዳውን በሙሉ አዳርሱት። ማድረቂያው ጠብታ ቤንዚን በቀረበት ሰልባትዮ አጠገብ አይበራም። ክረምት ላይ ሰልባትዮው ሙሉ ሆኖ ይደር፤ ባዶው ቦታ በሌሊቱ ብርድ ውኃ ያጠራቅማል።

የካምቢዮ ዘይት መጠን ሽፋኑ ላይ ታትሟል፤ 10 ደብልዩ 30 ወይም 10 ደብልዩ 40 ይሁን፣ ጃሶ ኤምኤ የተጻፈበት። ነዳጅ ይቆጥባል ተብሎ የሚሸጠው የመኪና ዘይት ፍሪሲዮኑን ያንሸራትታል። ካቴናው መሃሉ ላይ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ይወዛወዝ፣ ሰው ተቀምጦባት ተለክቶ።

እድሳቱ ካለቀና 500 ኪሎ ሜትሩ ከሞላ በኋላ የመጀመሪያው ትክክለኛ ፈተና ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ነው። ሜዳው ላይ ለሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ጠንከር አድርጋችሁ ንዱ፣ ፍሪሲዮን ያዙ፣ በዚያው ቅጽበት አጥፉ፣ ዳር ይዛችሁ ካንዴላውን ንቀሉ። የነጩ ሸክላ አፍንጫ ቡናማ ቀለም ከሆነ ቀጥሉ። ጥቁር እርጥብ ከሆነ ሌላ ቀን ታስተካክላላችሁ። ነጭ ሆኖ ትንንሽ የሚያብረቀርቁ ነጥቦች ካሉበት ፒስቶኑ መቅለጥ ጀምሯል፤ ባቲ ትቆይ፣ እዚያው ጥላ ፈልጋችሁ ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቁና ትልቁን ጄት አስገቡ። ጄቱ፣ ሁለተኛው ካንዴላና አንዲት ትንሽ ካቻቢቴ በካላማዳሪ ቁራጭ ተጠቅልለው ከመቀመጫው ሥር ይቀመጡ።